ትላልቅ የቲክ ምሰሶዎችና አግዳሚዎች ለውጭ ግንባታ፦ ከምርጫ እስከ ማቆም

ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ቲክ የሚባለው ጠንካራ እንጨት አይበሰብስም ይባላል። ታዲያ ምሰሶውን በቀጥታ ኮንክሪት ውስጥ ብቀብረው ምን ችግር አለው?» ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ሥራው ካለቀ ከጥቂት ወራት በኋላ ይመጣል። «ምሰሶው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ተበላሸ ማለት ነው?»

ለሁለቱም መልሱን እዚህ ታገኛላችሁ። እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደሚያስፈልግም አብሬ እጽፋለሁ። ምክንያቱን ካወቃችሁ፣ የእናንተ ሥራ ከእኔ ምሳሌ ቢለይም መፍትሔውን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

በምሳሌነት የምወስደው አራት ምሰሶ ያለው ክፍት የግቢ ጥላ ነው። ምሰሶዎቹ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 3 ሜትር ርዝመት አላቸው። ሁለቱ አግዳሚዎች 15 በ25 ሴንቲ ሜትር ሆነው 4 ሜትር ይረዝማሉ። በላያቸው ቀጫጭን ወራጆች ይደረደራሉ። ለትልቅ የግቢ በር፣ ለአጥር ምሰሶ ወይም ለበረንዳም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው።

ሥራውን ሁሉ የሚመራው አንድ ሐሳብ ይኼ ነው፦ ቲክ ይርጠብ፣ ግን ቶሎ ይድረቅ። ዝናብ መታው ብላችሁ አትጨነቁ። ውሃው ገብቶ የሚቀርበት ቦታ ካለ ግን ተጨነቁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለግንባታው፦
- ከግንዱ ልብ የወጡ የቲክ ምሰሶዎችና አግዳሚዎች። እያንዳንዱ ከሚፈለገው ርዝመት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይኑረው።
- ለደጋፊ ክንዶች 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቲክ
- ለእያንዳንዱ ምሰሶ አንድ የእግር ብረት፣ ከኮንክሪቱ ከፍ አድርጎ የሚይዝ
- 16 ሚሊ ሜትር ብሎን ከዳዶና ከሰፊ ሮንዴላ ጋር፣ ሁሉም ስቴንለስ ስቲል
- መጋጠሚያውን የሚይዙ፣ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ደረቅ የእንጨት ችካሎች
- ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ፌሮ
- ለእንጨት ጫፍ መቀቢያ ሰም
- ለጊዜያዊ ድጋፍ ሞራሌ

መሣሪያ፦
- ሜትር፣ እስኳድራ፣ ውሃ ልክ፣ ቱንቢና ገመድ
- የእንጨት እርጥበት መለኪያ
- ጫፋቸው ካርባይድ (በጣም ጠንካራ ቁስ) የሆነ የመጋዝ ምላጭና የትራፓኖ ፑንታ
- ሰፊ መሮ፣ መዶሻና መላጊያ
- የሰንሰለት ማንሻ
- የዓይን መነጽር፣ ጓንትና አቧራ የሚከላከል ማስክ

ካርባይድ የምለው በምክንያት ነው። ቲክ ውስጥ ሲሊካ አለ። ሲሊካ ማለት አሸዋ የተሠራበት ነገር ነው። ተራ ምላጭ ሁለት ሦስት ቆርጦ ይደነዝዛል። የደነዘዘ ምላጭ ደግሞ እንጨቱን ያቃጥለዋል፣ እጅንም ያዳልጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህን ሳታነቡ አትጀምሩ

*ክብደት።* የደረቀ ቲክ በአንድ ሜትር ኩብ 650 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በዚህ ሒሳብ ከላይ ያልኩት ምሰሶ ወደ 80 ኪሎ፣ አግዳሚው ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። እርጥብ ከሆነ ከዚህም ይበልጣል። አግዳሚውን በመሰላል ላይ በትከሻ ተሸክሞ መውጣት አይሞከርም። በማንሻ ይነሳ፤ ከሥሩም ማንም ሰው አይቁም።

*አቧራ።* የቲክ ብናኝ አንዳንድ ሰው ላይ የቆዳ ማሳከክና የመተንፈሻ አለርጂ ያስነሳል። ዛሬ ምንም ያላለው ሰው ከብዙ ቀን ሥራ በኋላ ሊጀምረው ይችላል። ኤፍኤፍፒ2 ወይም ከዚያ በላይ ደረጃ ያለው ማስክ አድርጉ። ረጅም እጅጌ ልበሱ። ስትጨርሱ ታጠቡ።

*የቅባት ጨርቅ።* የእንጨት ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩት። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው ደጋግሜ የምናገረው።

*ጭነት።* ሰው የሚቆምበት ሰገነት ወይም ክዳን ያለው ጣሪያ ከሆነ የምሰሶውንና የአግዳሚውን ልክ መሐንዲስ ያስላው። ክዳን ያለው ጣሪያ በንፋስ ጊዜ እንደ ሸራ ሆኖ ወደ ላይ ይጎትታል። እኔ የምሰጣችሁ ልኬት ለክፍት ጥላ ብቻ ነው።

እርምጃ 1፦ እንጨቱን ከጫፉ ተመልክታችሁ ምረጡ

ሻጩ ጎኑን ያሳያችኋል። እናንተ ጫፉን እዩ። ጫፉ አቧራ ከያዘ በመላጊያ ትንሽ ጠረግ አድርጉት። መሐሉ ወርቃማ ቡናማ ነው፤ ይህ ልቡ ነው። ዳርና ዳሩ ነጣ ያለ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ያ ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ያመላልስበት የነበረው የውጭው ክፍል ነው።

ስለ ቲክ የሚወራው ሁሉ የሚሠራው ለልቡ ብቻ ነው። ዘይቱና ቴክቶኪኖን የሚባለው ውህድ ያሉት እዚያ ነው። ምስጥንና አበስባሽ ፈንገስን የሚያርቁት እነሱ ናቸው። የነጣው ክፍል እንደ ማንኛውም ተራ እንጨት ይበሰብሳል።

አንድ ጊዜ የተንጋደደ የበር ምሰሶ እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ጥጉን በጥፍሬ ነካሁት። ነጩ ክፍል እንደ ደረቅ አፈር ተፈረፈረ። አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ስገባ ግን ቢላዬ አልበሳም አለ። ልቡ እንደ አዲስ ነበር። ግን ብሎኖቹ የታሰሩት ነጩ ላይ ስለነበር ምሰሶው የሚይዘው አጣ። ስለዚህ ከወጣት ዛፍ የወጣ ርካሽ ምሰሶ ስታገኙ ነጩ ምን ያህል እንደሆነ ለኩ። አራቱም ጥግ ላይ ነጭ ካለ ተዉት። አንዱ ጥግ ላይ ጥቂት ብቻ ከሆነ ግን ጠርባችሁ አውጡት።

ቀጥሎ የዛፉን እምብርት ፈልጉ። እምብርት የምለው የዓመት ቀለበቶቹ የሚጀምሩበትን ነጥብ ነው። እምብርቱ በመሐል ያለ ምሰሶ መሰንጠቁ አይቀርም ብላችሁ ቁጠሩት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቲክ ሲደርቅ በቀለበቱ ዙሪያ የሚቀንሰው፣ ከእምብርት ወደ ዳር ከሚቀንሰው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ዙሪያው ይጠባል፣ መሐሉ ግን እኩል አይጠብም። ስለዚህ ዙሪያው አንድ ቦታ ላይ ይከፈታል። ለምሰሶ ይህ ብዙም አይጎዳም። ለአግዳሚ ግን እምብርት የሌለበትን ብታገኙ ይሻላል።

ጉጥም እዩ። አግዳሚ ላይ ከታች በኩል መሐል ላይ ትልቅ ጉጥ ካለ አትውሰዱት። ጭነት ሲመጣ የአግዳሚው ሆድ ይለጠጣል፤ ጉጥ ደግሞ ሲለጠጥ አይችልም።

ከፈረሰ ሕንፃ የወጣ አሮጌ ቲክ ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ደርቆና ተጠማዞ ጨርሷል። ነገር ግን ውስጡ የተቀበረ ሚስማር አይጠፋም። በማግኔት ወይም በብረት ፈላጊ መሣሪያ ሙሉውን ሳትፈትሹ መጋዝ አታስነኩት።

እርምጃ 2፦ እርጥበቱን ለኩና ደርድሩ

ጠንካራ እንጨት በንፋስ ሲደርቅ ለየ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል ይባላል። ይህ የግምት ሒሳብ ነው። ቢሆንም 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ምሰሶ ዓመታት እንደሚፈጅ ያሳያችኋል። ላዩ ደርቆ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። መለኪያችሁ ላዩን ብቻ ካነበበ ያታልላችኋል። ትርፍ ካለው ጫፍ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡና አዲሱን ገጽ መሐል ላይ ለኩት።

ውስጡ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ በደንብ ይሠራል። ከዚያ በላይ ከሆነም መሥራት ይቻላል፤ ግን እንጨቱ ገና እንደሚቀንስ አስባችሁ አጋጥሙት። እርጥብ ሆኖ የገባ 20 ሴንቲ ሜትር ምሰሶ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ሊጠብ ይችላል።

እስክትሠሩበት ድረስ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ጥላ ሥር ደርድሩት። በየመሐሉ እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች አስገቡ፤ አየር ይዘዋወር። የቆረጣችሁትን ጫፍ ሁሉ ያኔውኑ ሰም ቀቡ። እንጨት ውሃውን በጫፉ በኩል በጣም ፈጥኖ ይለቃል። ጫፉ ቀድሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሰሙ ያዘገየዋል። ላስቲክ ጠቅልላችሁ ግን አታስቀምጡት፤ ውስጡ ይሻግታል።

እርምጃ 3፦ መሠረቱን አውጡ

1. የምሰሶዎቹን ቦታ በገመድ ወጥሩ። ማዕዘኑን በ3፣ 4፣ 5 ሜትር ሒሳብ አረጋግጡ። በአንዱ ገመድ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት አድርጉ። በምልክቶቹ መካከል ያለው በትክክል 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ነው። በመጨረሻ ሁለቱን ሰያፍ ርቀቶች ለኩ፤ እኩል መሆን አለባቸው።
2. ለእያንዳንዱ ምሰሶ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። አፈሩ የተሞላ ከሆነ ያልተነካው አፈር እስኪገኝ ውረዱ። በብርድ መሬቱ በረዶ የሚሠራበት አካባቢ ከሆነ ደግሞ በረዶው ከሚደርስበት በታች ውረዱ፤ አለዚያ መሬቱ ሲያብጥ ምሰሶውን ያነሳዋል።
3. ፌሮውን አስገቡ። 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ሙሉበት።
4. የኮንክሪቱ አናት ከመሬት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። አናቱን ወደ አራቱም ዳር ትንሽ አዘቅዝቁት። ዝናብ መሬት ላይ ነጥሮ የሚረጨው ጭቃ ምሰሶውን እንዳያገኘው ነው። አናቱ ማዘቅዘቁ ደግሞ ውሃ እንዳይቋጠር ነው።
5. የእግር ብረቱን በእርጥቡ ኮንክሪት ውስጥ በውሃ ልክ አስተካክላችሁ ትከሉት።
6. ቢያንስ 7 ቀን ውሃ እያጠጣችሁ ጠብቁ። ኮንክሪት ሙሉ ጥንካሬውን ያገኛል የሚባለው በ28 ቀን ነው፤ ምሰሶና አግዳሚ ለማቆም ግን ሳምንቱ ይበቃል።

እርጥብ ሲሚንቶ እንጨቱን እንዳይነካው ተጠንቀቁ። ቲክን ያጠቁረዋል።

እርምጃ 4፦ የምሰሶውን እግር አዘጋጁ

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ እዚህ ነው። ምሰሶን ኮንክሪት ውስጥ መቅበር ማለት ኩባያ ውስጥ ማቆም ማለት ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ይጠብና ከኮንክሪቱ ጋር ክፍተት ይፈጥራል። ዝናብ በክፍተቱ ይገባል። መውጫ የለውም። የምሰሶው ጫፍ ውሃውን እንደ ክር ወደ ላይ ይስባል። ቲክም ቢሆን ከዓመት እስከ ዓመት እንዲህ ሲቆም አፈሩ ጋ ይሸነፋል። ሲሸነፍም አይታያችሁም፤ የተቀበረ ነዋ።

እኔ የምመርጠው የእግር ብረት በቁሙ የቆመ ጠፍጣፋ ብረት ያለውን ነው። ጠፍጣፋው በምሰሶው እግር መሐል በመጋዝ በወጣ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ስንጥቁ አፉ ወደ ታች ስለሆነ የገባ ውሃ ራሱ ይወርዳል። በጎን በሁለት 16 ሚሊ ሜትር ብሎን ይታሰራል።

1. እግሩን በእስኳድራ አራቱንም ጎን አስምራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ።
2. የታችኛውን ጠርዝ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሸርፉት። ውሃ ጠብታ ሆኖ ይወድቃል እንጂ ወደ ሥር አይዞርም።
3. ስንጥቁን ከብረቱ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር አስፍታችሁ አውጡ።
4. የመጀመሪያው ብሎን ከእግሩ ጫፍ ቢያንስ 11.2 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ሒሳቡ የብሎኑ ውፍረት 7 እጥፍ ነው። ከዚያ ካነሰ ንፋስ ሲጎትተው ጫፉ ይሰነጠቃል።
5. በምሰሶው ሥርና በኮንክሪቱ መካከል ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቅር። እጃችሁን ብታስገቡ መግባት አለበት። አየሩ የሚያደርቀው በዚያ ነው።
6. የተቆረጠውን ገጽ ሁሉ፣ የስንጥቁን ውስጥ ጨምሮ፣ ሰም ቀቡ።

የሳጥን ቅርጽ ያለው የእግር ብረት ብቻ ከተገኘ ደግሞ የሳጥኑ ወለል ላይ ቢያንስ ሁለት የውሃ መውጫ ቀዳዳ ብሱበት።

እርምጃ 5፦ አግዳሚውን በትክክለኛው ጎኑ አቁሙት

አጭር ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። አግዳሚ በጠባቡ ጎኑ ይቆማል። ስፋቱን እጥፍ ብታደርጉት አለመጉበጡ እጥፍ ይሆናል። ቁመቱን እጥፍ ብታደርጉት ግን 8 እጥፍ ይሆናል። ያው 15 በ25 የሆነው አግዳሚ ሲቆም አለመጉበጡ ከተጋደመው 2.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል።

በዓይናችሁ ርዝመቱን እዩት። ትንሽ የጎበጠ ከሆነ ጉባጩ ወደ ላይ ይሁን። ጭነቱ ያስተካክለዋል።

እርምጃ 6፦ መጋጠሚያውን ሥሩ

አግዳሚ ምሰሶ *ላይ* ይቀመጥ። በጎን በብሎን ብቻ አታንጠልጥሉት። ሲቀመጥ እንጨት እንጨትን ይሸከማል፤ ሲንጠለጠል ግን ሸክሙ ሁሉ በጥቂት ብሎኖች ላይ ይወድቃል።

በምሰሶው አናት ላይ ምላስ ይወጣል፣ በአግዳሚው ሆድ ላይ ደግሞ ምላሱ የሚገባበት ቀዳዳ ይቦረቦራል። ቀዳዳው አፉ ወደ ታች ስለሆነ ዝናብ አይቋጠርበትም። ይህን ገልብጣችሁ ቀዳዳውን ወደ ላይ ብታደርጉት የውሃ ጉድጓድ ሠራችሁ ማለት ነው።

1. የምላሱ ውፍረት የአግዳሚው ስፋት ሲሶ ይሁን። ለ15 ሴንቲ ሜትር አግዳሚ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።
2. ቀዳዳውን መጀመሪያ በትራፓኖ ደጋግማችሁ ብሱት፤ ከዚያ በመሮ አስተካክሉት። ጥልቀቱ ከምላሱ 5 ሚሊ ሜትር ይብለጥ። ሸክሙ በምላሱ ጫፍ ሳይሆን በትከሻው፣ ማለትም በምላሱ ዙሪያ ባለው የምሰሶው ጠፍጣፋ አናት ላይ እንዲያርፍ ነው።
3. ምላሱን ትንሽ ወፍራም አድርጋችሁ ጀምሩና በመሮ እየቀነሳችሁ ሞክሩ። በእጅ ግፊት ግማሽ ድረስ ገብቶ፣ ቀሪው በቀላል የመዶሻ ምት ሲገባ ትክክል ነው። ከዚያ በላይ የሚጨናነቅ ከሆነ ቀዳዳውን ይሰነጥቀዋል።
4. ለችካሉ በአግዳሚው በኩል 20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። ምላሱን አስገብታችሁ የቀዳዳውን መሐል በፑንታው ጫፍ ምልክት አድርጉና አውጡት። የምላሱን ቀዳዳ ከምልክቱ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ትከሻው አስጠግታችሁ ብሱ። ችካሉ ሲመታ ምላሱን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። እንጨቱ ሲደርቅም መጋጠሚያው አይላላም። ለዚህ ነው ከሙጫ ይልቅ ይህን የማምነው።
5. ችካሉን ጫፉን አሹላችሁ ምቱት። ደረቅ ይሁን። እርጥብ ችካል ውሎ አድሮ ይቀጥናል።

አንድ የምትዘሉት ቦታ እንዳይኖር፦ ምሰሶው 20፣ አግዳሚው 15 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በምሰሶው አናት ግራና ቀኝ 2.5 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ይቀራል። ያ ጠርዝ ጠፍጣፋ ከሆነ ዝናብ ያርፍበታል፤ ከዚያም ወደ መጋጠሚያው ይሾልካል። በመሮ ወደ ውጭ አዘቅዝቁት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሙጫ የግድ ካስፈለገ ገጹን በአሴቶን ጠርጋችሁ ሳይቆይ ኤፖክሲ ቀቡ። የቲክ ዘይት ቀስ እያለ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ተጠርጎ የቆየ ገጽ ሙጫ አይይዝም።

ደጋፊ ክንዶቹን አትርሱ። ከመጋጠሚያው 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ በ45 ዲግሪ ምሰሶውንና አግዳሚውን የሚያገናኝ እንጨት በየምሰሶው ያስፈልጋል። አራት ምሰሶና ሁለት አግዳሚ ያለ ክንድ በግፊት ይወዛወዛሉ። ክንድ ሲገባ ሦስት ማዕዘን ይሠራል፤ ሦስት ማዕዘን ደግሞ ቅርጹን አይቀይርም።

እርምጃ 7፦ ብሎንና ብረት

ተራ ብረት ከቲክ ጋር አይስማማም። እርጥበት ሲገባ ብረቱ ይዝጋል፣ በዙሪያውም እንጨቱ ላይ ጥቁር እድፍ ይወርዳል። ደረጃው 304 የሆነ ስቴንለስ ይበቃል። ባሕር አጠገብ ከሆነ 316 ይሁን። ስቴንለስ ካልተገኘ በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ወፍራም ጋልቫናይዝድ ውሰዱ። የሚያብለጨልጨው ስስ ቅብ ያለው ብሎን ለውጭ ሥራ አይሆንም።

የብሎኑን ቀዳዳ ከብሎኑ 1 ሚሊ ሜትር አስፉ። በአንድ ሰፊ አግዳሚ ላይ አንዱን ብሎን ላይኛው ጠርዝ፣ ሌላውን ታችኛው ጠርዝ ላይ አድርጋችሁ ወደ አንድ ብረት አትሰሯቸው። እንጨቱ በቁመቱ ይጠባል፣ ብረቱ ግን አይጠብም። መሐሉ ላይ ይቀደዳል። ብሎኖቹን አቀራርቧቸው ወይም በብረቱ ላይ አንዱን ቀዳዳ ሞላላ አድርጉት።

አጠገቡ ብረት በፍሌክሲብል አትቁረጡ። የሚበተነው የብረት ብናኝ ቲኩ ላይ ያርፍና በመጀመሪያው ዝናብ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ከሆነባችሁ በውሃ የቀለለ ኦክሳሊክ አሲድ ያስለቅቀዋል። ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ እጠቡት።

እርምጃ 8፦ አቁሙት

1. ምሰሶውን በእግር ብረቱ ላይ አስገቡና ብሎኑን ለቀቅ አድርጋችሁ እሰሩ።
2. በሁለት አቅጣጫ በሞራሌ ደግፉት። አንድ ድጋፍ አይበቃም፤ ወደ ሌላው ጎን ይወድቃል።
3. በሁለት ጎኑ ቱንቢ ጣሉ። ቀጥ ሲል ድጋፉን ቸንክሩ።
4. አራቱም ሲቆሙ አናታቸው እኩል መሆኑን በውሃ ልክ አረጋግጡ። ልዩነት ካለ አግዳሚው ከመውጣቱ በፊት አስተካክሉ።
5. አግዳሚውን በማንሻ አንሱ። ማሰሪያው ሰፊ ጨርቅ ይሁን፤ ሰንሰለት ጠርዙን ይጨፈልቃል። ሁለቱን ምላሶች በአንድ ጊዜ ቀስ እያላችሁ አስገቡ።
6. ክንዶቹን አስገቡ፣ ችካሎቹን ምቱ፣ በመጨረሻ የእግሩን ብሎን አጥብቁ።
7. ወራጆቹን ደርድሩ። ድጋፉን የምታነሱት ሁሉም ከታሰረ በኋላ ነው።

እርምጃ 9፦ ጫፎቹን ዝጉ

የአግዳሚው ጫፍ ከሁሉ በላይ ውሃ የሚጠጣ ቦታ ነው። ታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርጋችሁ በሰያፍ ቁረጡት፤ ዝናብ ፊቱን አይመታውም። ለአግዳሚው ላይኛ ገጽ ስስ የመዳብ ወይም የስቴንለስ ላሜራ ክዳን ብታደርጉ ዕድሜው ይረዝማል። ክዳኑን ግን ለጥፋችሁ አትዝጉት። ከሥሩ አየር የሚያስገባ ትንሽ ክፍተት ይኑረው።

እርምጃ 10፦ መቀባት ወይስ መተው

ለዕድሜው ሲባል ቅባት አያስፈልገውም። ካልተቀባ በፀሐይ ቀስ በቀስ ወደ ብርማ ግራጫ ይለወጣል። ለውጡ ላይ ላዩን ብቻ ነው። እኔ ለትልቅ ምሰሶ መተውን እመርጣለሁ።

ቡናማው ቀለም እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል ቀለም ያለበት፣ ለውጭ እንጨት የሚሆን ዘይት በስሱ ቀቡ። በየዓመቱ መድገሙን ግን ከአሁኑ ተቀበሉ። ቫርኒሽ አትሞክሩ። የእንጨቱ ዘይትና እንቅስቃሴው ያነሱታል። አንዴ ከተላጠ ደግሞ ውሃ ከሥሩ ይይዛል፣ ለማንሳትም አበሳ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከአዲስ ቲክ ቡናማ ውሃ ይወርዳል። የእንጨቱ ቀለም ነው፤ በጊዜ ይቆማል። ሥሩ ነጭ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ካለ ግን ሸፍኑት ወይም በየዝናቡ ቶሎ እጠቡት።

ሲቆሽሽ በሳሙና ውሃና ለስላሳ ብሩሽ እጠቡት። በከፍተኛ ግፊት ውሃ አትምቱት። ለስላሳውን ክፍል አጥቦ ጠንካራውን ያስቀራል፤ ገጹ ይሻክርና ቆሻሻ ይይዛል።

ስንጥቁ መቼ ያስፈራል?

በምሰሶው ርዝመት የሚሄድ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ የተከፈተ ስንጥቅ የመድረቅ ምልክት ነው። ጣት የሚያስገባ ቢሆንም ምሰሶው ሸክሙን ይሸከማል። በሲሊኮን ወይም በስቱኮ አትድፈኑት። በክረምት እንጨቱ ሲያብጥ ድፍኑ ይገፋል፣ በበጋ ሲጠብ ይላቀቃል፣ ውሃም ከኋላው ይቀራል። ስንጥቁ የት እንደሚወጣ መወሰን ከፈለጋችሁ ምሰሶውን ከማቆማችሁ በፊት በማይታየው ጎኑ ላይ እስከ እምብርቱ የሚደርስ ረጅም የመጋዝ ጭረት አውጡ። እንጨቱ እዚያው ይከፈታል፣ የፊቱ ገጽ ይድናል። ይህ ለምሰሶ ብቻ ነው፤ አግዳሚ ላይ አታድርጉት።

የሚያስፈሩት እነዚህ ናቸው፦
- በብሎኖች ረድፍ ላይ የወጣ ወይም ከብሎን ተነስቶ ጫፍ የደረሰ
- አግዳሚ ላይ በሰያፍ ሄዶ ከታችኛው ጠርዝ የሚወጣ
- ቀዳዳ ወይም ቅርጽ ከተቆረጠበት ጥግ ተነስቶ የሚሄድ
- አግዳሚን ከጎን ወደ ጎን በስቶ የሚያልፍ

ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ጭነቱን ደግፉና ባለሙያ ጥሩ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- የምሰሶውን ዙሪያ በአፈር ወይም በአበባ መደብ መሙላት። ከፍ አድርጋችሁ የሠራችሁትን እግር መልሳችሁ ቀበራችሁት ማለት ነው።
- ሁለት አግዳሚን ደርቦ አንድ ማድረግ። መሐላቸው ውሃ ይይዛል። የግድ ከሆነ 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ።
- ቪቴን ያለ ቀዳዳ መንዳት። ቲክ ጫፉ አካባቢ ይሰነጠቃል፣ ስቴንለስ ቪቴም ይበጠሳል።
- የምሰሶውን ርዝመት መሠረቱ ሳይወጣ መቁረጥ። ኮንክሪቱ በ2 ሴንቲ ሜትር ቢለይ እንጨቱ አጠረ።
- በዓመቱ ብሎኑን ማጥበቅ መርሳት።

የመጨረሻው ቀጠሮ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ደረቅ ወቅት ሲያልቅ እያንዳንዱን ዳዶ በመፍቻ ያዙ። አብዛኛው ግማሽ ዙር ይዞራል፤ እንጨቱ ጠቧልና። ከዚያ ከትልቁ ዝናብ በኋላ አንድ ካቻቢቴ ይዛችሁ የእያንዳንዱን ምሰሶ እግር ከሥሩ ተጭናችሁ ፈትሹ። ጠንካራ ሆኖ ከመለሰላችሁ ደህና ነው። ከገባ የነጣው ክፍል ነው ወይስ ልቡ የሚለውን ለዩ፣ ውሃውም የት እንደቆመ ፈልጉ። ክፍተቱ ውስጥ ቅጠልና አፈር ተጠቅጥቆ ካገኛችሁ በእጃችሁ አውጡትና በዓመቱ ደግማችሁ እዩት።